የራሴን አልትራላይት አውሮፕላን ልሠራ ነው፤ ከመጀመሬ በፊት ምከሩኝ

ቴክሳስ_ሐበሻ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ከዳላስ ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ብየዳም እችላለሁ። መሥሪያ ቦታ አለኝ፣ ትንሽ ገንዘብም ቋጥሬያለሁ። ለብዙ ዓመት ሳስበው የኖርኩትን ነገር አሁን ልጀምር ነው፤ ባለአንድ መቀመጫ አልትራላይት፣ ማለትም በጣም ቀላል የሆነ ትንሽ አውሮፕላን፣ በገዛ እጄ መሥራት።

የመረጥኩት ሊጋል ኢግል የሚባለውን ነው። አካሉ በብየዳ የሚያያዝ የብረት ቱቦ ነው። ክንፉ ጨርቅ ይለብሳል። ሞተሩ ደግሞ ግማሽ ቮልስ ነው። ያቺን አገር ቤት የምናውቃትን የቮልስ ሞተር ለሁለት ይቆርጡና በሁለት ሲሊንደር ያስነሷታል። ወደ 30 የፈረስ ጉልበት ትሰጣለች።

የአሜሪካውን ሕግ አንብቤያለሁ። ፓርት 103 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያለ ነው። የአብራሪነት ፈቃድ አይጠይቅም፣ ምዝገባ የለም፣ የሐኪም ወረቀት የለም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ብሎኑን ከሠፈሬ ሃርድዌር መደብር ብገዛ ምን አለው? ለጥንካሬ ብዬ ንድፉ ላይ ካለው ወፈር ያለ ቱቦ ብጠቀምስ? ታንኩን ትንሽ ባሳድገውስ? ደግሞ ጎረቤቴ ረጅም ሜዳ አለው። እዚያ ላይ ከፍ ዝቅ እያልኩ ራሴን ባስተምርስ?

ጋሽ_ኩሽኔታ

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው፤ አገር ቤትም እዚህም። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርህ።

ከሕጉ ልጀምር። ፓርት 103 ነፃነት የሚሰጥህ ልኩን ከጠበቅህ ብቻ ነው። ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ በታች ነው፤ 115 ኪሎ ገደማ። ነዳጁ ከ5 ጋሎን አይበልጥም፤ 19 ሊትር አካባቢ። በሙሉ ጉልበት በአግድም ሲበር ከ55 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ102 ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም። ያለ ሞተር ጉልበት ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት ደግሞ ከ24 ኖት መብለጥ የለበትም። አንድ ሰው ብቻ፣ ለመዝናኛ ብቻ፣ በቀን ብርሃን። ሕዝብና ቤት በበዛበት ቦታ ላይ መብረር ክልክል ነው። ኤርፖርት አካባቢ ቁጥጥር ያለበት አየር ውስጥም ሳታስፈቅድ አትገባም።

ታንኩን አሳደግኸው እንበል። ያኔ አልትራላይት መሆኑ ይቀራል። ያልተመዘገበ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ የሚያበር ሰው ሆንክ ማለት ነው። ወፍራሙ ቱቦም ወደዚያው ይወስድሃል። 115 ኪሎ ሰፊ ይመስላል እንጂ አንድ እጅ ቀለም ሲጨመር እንኳ ሚዛኑ ላይ ይታያል። ሕጉ ይቅርና፣ አንዱን ቦታ ስታጠነክር ጫናው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ያኔ የሚሰበረው ንድፍ አውጪው ያልጠበቀው ቦታ ነው። ጅራት አካባቢ የምትጨምረው ግማሽ ኪሎ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን አፍንጫው አንዴ ከተነሳ መልሰህ ላውርድህ ብትለው እምቢ ሊልህ ይችላል። ንድፉን እንዳለ ሥራው።

ብሎኑ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው እሱን ነው። የአውሮፕላን ብሎን ኤኤን በሚል መለያ ይሸጣል። ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ወይም የኮከብ ዓይነት ምልክት አለው። ከተራው የሚለየው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ከመበጠሱ በፊት ይታጠፋል፤ ስለዚህ ስትፈትሽ ታየዋለህ። በጣም የጠነከረ የማሽን ብሎን ግን ሳያስጠነቅቅ ሊበጠስ ይችላል። ሌላው ርዝመቱ ነው። የኤኤን ብሎን ጥርስ የሌለው ለስላሳ ክፍሉ በብዙ ልክ ይመጣል። ቀዳዳው ውስጥ መቀመጥ ያለበት ያ ለስላሳው ክፍል ነው። ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሸክም ከያዘ ቀዳዳውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ብሎኑም ራሱ ከጥርሱ ሥር ይሰነጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ለክተህ ልኩን እዘዝ።

ዳዶውን በተመለከተ፣ ፕላስቲክ ያለበት ዓይነት በእጅ መዞር ከጀመረ ጣለው። የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ላይ ግን እሱን ጭራሽ አትጠቀም። እዚያ የሚገባው ቀዳዳ ያለው ብሎን፣ አናቱ የተሰነጠቀ ዳዶና ኮተር ፒን ነው። አሉሚኒየም ስትበሳም የቀዳዳውን ጠርዝ አለስልሰው። ስንጥቅ የሚነሳው ከትንሽ ጭረት ነው።

ራስን ማስተማሩን ሌሎቹ ይመልሱልህ። የእኔ መልስ ግን አይሆንም ነው።

አሞራ_በሰማይ

ጋሼ ስለ ብሎኑም ስለ ክብደቱም ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ልጁን ገና ሳይጀምር አናስደንግጠው። እኔ ኮሎራዶ ሜዳው ላይ እበራለሁ። የፓርት 103 ውበቱ አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት፣ ማንንም ሳያስቸግር እንዲበር መፍቀዱ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ብዙ ሰው የተማረው ሜዳ ላይ አጫጭር ዝላይ እየዘለለ ነው። ረጅም ሜዳ፣ የረጋ ጠዋትና ትዕግሥት ካለ ይቻላል ባይ ነኝ። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን የሚያስተምር ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ክፍለ ሀገር ውስጥ የግማሽ ቀን መንገድ ያስነዳል።

ሙኒክ_ነኝ

ወንድሜ አሞራ፣ አከብርሃለሁ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ከሁሉም አደገኛው ያ አጭር ዝላይ ነው።

ምን እንደሚሆን አስቡት። ሰውየው ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ ሦስት አራት ሜትር ይነሳል። አፍንጫው ወደ ላይ ነው፣ ፍጥነቱም ከዝቅተኛው ገደብ እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ሞተሩ ያንቀዋል፣ ወይም ሰውየው ደንግጦ ጋዙን ይዘጋዋል። አልትራላይት ቀላል ነው፤ ሁለመናው ቱቦና ሽቦ ስለሆነ አየሩ ይይዘዋል። ሞተሩ በተወ ቅጽበት ፍጥነቱ ይሞታል። መዳኛው አፍንጫውን ወዲያው ወደ ታች መግፋት ብቻ ነው። በአራት ሜትር ላይ ግን ተገፍቶ ፍጥነት የሚሰበሰብበት ከፍታ የለም። ጀማሪ እጅ ደግሞ መሬት ሲቀርብ መግፋት ሳይሆን መሳብ ነው የሚቀናው።

ይሄ ጀማሪን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። እንደ ሴስና ያለ መደበኛ አውሮፕላን ያበረረ ሰውም እጁ የለመደው ሞተር ቢጠፋም ትንሽ የሚንሸራተት ከባድ አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያለውም ቢሆን ቀላልና አየር የሚይዘው ባለሁለት መቀመጫ ላይ ከአስተማሪ ጋር ሊለማመድ ይገባል። ባለሁለት መቀመጫው በአሜሪካ ሕግ አልትራላይት አይባልም፤ ስለዚህ ፈቃድ ያለው አስተማሪና የተመዘገበ አውሮፕላን ፈልግ።

ደግሞ ሊጋል ኢግል ትንሿ ጎማው ጅራቱ ሥር ያለች አውሮፕላን ነው። ክብደቱ ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው ያለው። መሬት ላይ ስትነዳው ራሱ ጅራቱ ሊቀድምህ ይፈልጋል፤ እግርህ ከዘገየ ዞሮ በክንፉ ይተኛል። እሱንም ከሰው ነው የምትማረው።

እኛ ጀርመን ውስጥ ለአልትራላይት ፈቃድ ግዴታ ነው፣ ዓመታዊ ፍተሻ አለ፣ የማዳኛ ፓራሹትም ግዴታ ነው። መጀመሪያ ላይ ቢሮክራሲው አታካች መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ዓመታዊ ፍተሻውን ማንም ባያስገድደኝ እንኳ አልተወውም።

ቴክሳስ_ሐበሻ

እህቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የሜዳውን ነገር ትቼዋለሁ። ከሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ጅራት ጎማ ባለው ቀላል አውሮፕላን የሚያስተምር ሰው አግኝቻለሁ። ሥራውና ትምህርቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

የፓራሹቱ ክብደትስ ከ254ቱ ውስጥ ነው የሚቆጠረው?

አሞራ_በሰማይ

እህቴ ስለ ዝላዩ ያልሽውን ተቀብያለሁ። ከፍታ ከሌለ ማረሚያ የለም፤ ይሄ የሚያከራክር አይደለም።

ቴክሳስ፣ ፓራሹቱ ተጨማሪ ነው። ኤፍኤኤ፣ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ለማዳኛ ፓራሹት 24 ፓውንድ፣ ማለትም 11 ኪሎ ያህል በላይ ይፈቅድልሃል። የሚያድነው አንተን ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑን በሙሉ ይዞ ይወርዳል። እጀታውን ስትስብ ትንሽ ሮኬት ጨርቁን ጎትቶ ያወጣዋል። ስለዚህ የሮኬቱ መውጫ ከፕሮፔለሩና ከሽቦዎች ነፃ መሆን አለበት። መሬት ላይ የደኅንነት ፒኑ ይግባ፣ ከመነሳትህ በፊት ይውጣ። ፒኑ ገብቶ የበረረ ፓራሹት ሸክም ብቻ ነው። ጨርቁ እንደገና የሚታጠፍበትና ሮኬቱ የሚቀየርበት ቀን እላዩ ላይ ተጽፏል፤ አሳልፈህ አትብረር። የሮኬቱን ቦታ ከውጭ በግልጽ ጻፍበት። አደጋ ቢደርስ ሊያወጡህ የሚመጡት ሰዎች እንዳይጎዱበት ነው።

የሸጎሌ_ልጅ

ሰላም ታላላቆቼ። እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። አስመላሽ ዘፈሩ እ.ኤ.አ. በ2015 በቮልስ ሞተር የሠራትን ኬ-570ኤ ካየሁ ጀምሮ ይሄ ሐሳብ አልለቀቀኝም። የባጃጅ ሞተር በቀላሉ አገኛለሁ። አሉሚኒየም ቱቦም መርካቶ አለ። ከየት ልጀምር?

ጋሽ_ኩሽኔታ

የእኔ ልጅ፣ ፍላጎትህን ወድጄዋለሁ። አገራችንም ለዚህ ባዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት "ፀሐይ" የምትባል አውሮፕላን አለች፤ በንጉሡ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ነው ስሟ። ጣሊያን ወስዷት ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ተመለሰች።

አሁን ወደ ሞተሩ። የባጃጅ ሞተር ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ነው። ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን የሦስት እጥፍ ያህል ያስፈልግሃል። የምትኖርበት ከፍታ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ገደማ ያጣል። ቀኑ 25 ዲግሪ ከሞቀ አየሩ 3,200 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል። ያኔ 30 የፈረስ ጉልበት ያልከው ወደ 21 ይወርዳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም በሳሳ አየር ውስጥ ፈጠን ብሎ መሮጥ አለበት። በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር የነበረው ዝቅተኛ ፍጥነት እዚያ 52 ገደማ ይሆናል። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ መውጣቱ ይደክማል፣ ማረፊያው ይፈጥናል። ቴክሳስ ላይ የሚሠራ ንድፍ አዲስ አበባ ላይ ከሣሩ ላይነሳ ይችላል።

የመርካቶው ቱቦ ምን ዓይነት ቅይጥ እንደሆነ ካላወቅህ ክንፍ ላይ አታስገባው። ለመስኮትና ለበር የሚሸጥ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ለአውሮፕላን የተለመደው 6061-ቲ6 የሚባለው ነው፤ ምስክር ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው።

ፓርት 103 ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እናንተ ጋ አይሠራም። መጀመሪያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቅ። ከመሥራትህ በፊት እንጂ ከሠራህ በኋላ አይደለም። እስከዚያ ግን ብዙ መሥራት ትችላለህ። በሬዲዮ የሚበር ሞዴል ሥራ፣ የክብደት ሚዛን ስሌት ተማር፣ ብየዳህን አሳድግ።

ካንዴላ_ሲያትል

ከሸጎሌው ወንድማችን ጥያቄ ላይ ልቀጥል። ሰው "ቱ-ስትሮክ ወይስ ግማሽ ቮልስ?" እያለ ይከራከራል። ቱ-ስትሮክ ለክብደቱ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ትኩረትም ይፈልጋል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚገባው። የተለመደው 50 ለ1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። በግምት አይቀዳም፣ በመለኪያ ነው። ነዳጁ ሲያንሰው ፒስተኑ ይግላል፣ ያብጣል፣ ይነክሳል። ካርቡሬተሩን አዲስ አበባ ላይ አስተካክለህ ወደ አዋሽ ብትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ነዳጁ ግን ያው ነው። ያኔ ነው ፒስተን የሚያዘው። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ሳይኖር ቱ-ስትሮክ አላበርም።

ቮልሱም ቢሆን ከችግር ነፃ አይደለም። እርጥበት ባለበት ቀን፣ ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ እንኳ፣ ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ስለዚህ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። በእጅ ፕሮፔለር አዙረህ የምታስነሳው ከሆነ ጅራቱን እሰር፣ ጎማውን ቆልፍ። ማግኔቶ ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ክፍል ነው። የማጥፊያ ገመዱ ከተበጠሰ ማብሪያው "ጠፍቷል" ቢልም ማግኔቶው እሳት ይሰጣል። ፕሮፔለርን ሁልጊዜ ሊነሳ እንደሚችል አድርገህ ንካው።

የአሜሪካ ቤንዚን ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤታኖል አለ። ውሃ ይስባል፣ የቆየ ጎማ ቱቦ ይበላል። ወራት የተቀመጠ ነዳጅ ለመኪናህ እንጂ ለአውሮፕላንህ አይሁን።

ዲሲ_ዙሪያ

ለመሥራት ጊዜ የለኝም። ያገለገለ ብገዛ አይሻልም? ርካሽ ናቸው።

ጋሽ_ኩሽኔታ

ይቻላል፤ ግን ሰውየው እንዴት እንደሠራው አታውቅም። አንድ የታወቀ ታሪክ ልንገርህ። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ የሞተው ሌላ ሰው በሠራው ሎንግ-ኢዜድ የሚባል ቤት ሠራሽ አውሮፕላን ነው። አልትራላይት አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ንድፍ አውጪው በርት ሩታን የነዳጅ መምረጫውን አብራሪው ፊት ለፊት ነበር የሳለው። ሠሪው ከግራ ትከሻው ኋላ አደረገው። እሱን ለመድረስ መዞር ያስፈልጋል፤ ሲዞር እግር ፔዳሉን ሊገፋ ይችላል። በአንደኛው ታንክ ነዳጅ ጥቂት ነበር፤ ሳይሞላ ተነሳ። አደጋ መርማሪዎቹ ያንን የተቀየረ ቦታና የልምምድ ማነሱን ጠቅሰዋል።

የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች ላይ ጎልተው የታዩት የሞተር ችግርና ከቁጥጥር መውጣት ናቸው። ያገለገለ የገዙ ሰዎች ገና በመጀመሪያ በረራቸው ላይ የደረሰባቸው አደጋም ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ብትገዛም አዲስ እንደሠራህ ቁጠረው። ጨርቁን በደንብ ፈትሽ፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ፖሊስተር መልኩ ደህና ሆኖ ጉልበቱ ያልቃል። ክንፉ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ሊሆን ይችላል፤ ሽንቷ ብረቱንም አሉሚኒየሙንም ይበላል። የታንኩን መተንፈሻ ተርብ ዘግታው ይሆናል።

ሙኒክ_ነኝ

ቴክሳስ፣ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ሦስት ነገር በእጅህ አድርግ።

ኤፍኤኤ ለቤት ሠራሽና ለአልትራላይት ሙከራ ያሳተመው ኤሲ 90-89 የሚባል መመሪያ አለ፤ ሙሉውን አንብበው። እዚያ ውስጥ የነዳጅ ፍሰት ሙከራ አለ። አፍንጫውን ወደ ላይ በሚወጣበት ልክ አንስተህ፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለህ ወደ መለኪያ ታፈሰዋለህ። ነዳጁ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሚፈልገው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። በሦስቱም ጎማ ሥር ሚዛን አስቀምጠህ፣ አንተም ተቀምጠህበት፣ ነዳጁ ሞልቶም ጎድሎም አስላው።

ሦስተኛው መሪው ነው። ገመዱ ተገላብጦ የተያያዘ አውሮፕላን ሰው ገድሏል። ዱላውን አውራ ጣትህን ወደ ላይ አቁመህ ያዘው። ወደ ግራ ስታዘነብለው ጣትህ ግራውን ክንፍ ያሳያል፤ እዚያ ያለው አይለሮን፣ ማለትም የክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ከፍ ማለት አለበት። ጥገና በተደረገ ቁጥር ይሄን ድገመው።

ቴክሳስ_ሐበሻ

ሁሉንም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ኤኤን ብሎኖቹን እያዘዝኩ ነው። ንድፉ እንዳለ ይሠራል፣ ታንኩም 5 ጋሎን ይሆናል። ኢኤኤ የሚባለው የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር አባል ሆኛለሁ። ለአባል በነፃ መጥቶ የሚያይ የቴክኒክ አማካሪ አላቸው፤ ብየዳውን ጨርቅ ሳላለብስ ያይልኛል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፕሮፔለሩ እንጨት ነው። የተለየ ጥንቃቄ አለው?

ጋሽ_ኩሽኔታ

አለው። እንጨት በእርጥብ ወራት ያብጣል፣ በደረቅ ወራት ይሸማቀቃል። በእርጥብ ወራት ያጠበቅኸው ብሎን በደረቅ ወራት ላላ ሊል ይችላል። የላላ ፕሮፔለር መቀመጫው ላይ ይፋተጋል፣ እንጨቱን ያቃጥላል፣ ብሎኑን ይበጥሳል። ከመጀመሪያው በረራ በኋላ ፈትሸው፣ ከዚያም ወቅት በተቀየረ ቁጥር። የማጥበቂያውን ልክ ከፕሮፔለሩ አምራች ወረቀት ውሰድ፤ ከጓደኛ አትውሰድ። ስታቆመውም አግድም አድርገህ አቁመው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ እርጥበቱ ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርድና ሚዛኑ ይዛባል። ብየዳው ሲያልቅ ጨርቅ ከማልበስህ በፊት የመገጣጠሚያዎቹን ፎቶ በቅርበት አንስተህ እዚህ ላክልን፤ ሁላችንም እናየዋለን።